ጆንያውን ተቀብሎ መሸኘት፦ ዘገምተኛ ሥራን ከዌብ ኤፒአይ ጀርባ ስለ ማስኬድ

ደጀን ላይ ጤፍ አስይዞ ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ደጃፍ ላይ ተገትሮ አይውልም። ጆንያው ይመዘናል፣ አፉ ባለቤቱ በሚያውቀው ጨርቅ ይታሰራል፣ ተራው ላይ ይደረደራል። «እናቴ፣ ከፊትዎ ብዙ አለ፤ አስቀምጠው ገበያዎን ጨርሰው ይመለሱ» ይላል ፈጪው። እናትም ጨውና ቡናቸውን ሸምተው፣ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ ዱቄቱ በዚያው ጨርቅ ታስሮ ይጠብቃቸዋል። በመሃል መብራት ቢጠፋም ያልተፈጨው እህል ጆንያው ውስጥ ነው፤ ምልክቱም ከላዩ አለ። መብራቱ ሲመጣ ፈጪው ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ «ይህ የማን ነበር?» እያለ አይዞርም።

ብዙ የድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያዎች ግን ባለጉዳዩን ደጃፍ ላይ አቁመው ይፈጫሉ።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ከደጀን አንስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል እስከ ሞጣ ድረስ ከገበሬው ጤፍ የሚረከብ ማኅበር አለ እንበል። የርክክብ ሠራተኛው ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ እያለ ዓይነቱን፣ ኪሎውንና ዋጋውን በስልኩ ይመዘግባል። ወቅቱ ሲያልቅ «የአባላትን የሒሳብ መግለጫ አውጣ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ሰርቨሩ የያንዳንዱን ገበሬ ሒሳብ ይደምራል፣ መግለጫውን በፒዲኤፍ ያዘጋጃል፣ ለባለቤቱ አጭር መልእክት ይልካል። ለአንድ ሰው 3 ሰከንድ ቢፈጅ ለ400 አባላት 20 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው።

20 ደቂቃ የሚታገሥ መስመር ግን የለም። ከፊት የሚቆመው ኤንጂንኤክስ፣ ማንም ካልነካው፣ ከኋላው ካለው ፕሮግራም ለ60 ሰከንድ ምንም ካልሰማ ግንኙነቱን ይቆርጣል። የፓይተን ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ጉኒኮርን ደግሞ ይብሳል፤ በተለመደው አሠራሩ ለ30 ሰከንድ ድምፁ የጠፋውን ፕሮሰስ ገድሎ በሌላ ይተካዋል። በ3 ሰከንድ ሒሳብ 30 ሰከንድ ማለት አሥረኛው ገበሬ ነው። ሠራተኛው ስልኩ ላይ የስሕተት ገጽ ያያል፤ ማንም እንደሚያደርገው ቁልፉን መልሶ ይጫናል። ሥራው ከአንድ ይጀምርና አሥር ላይ እንደገና ይሞታል። ሦስት ጊዜ ከተጫነ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ሦስት ሦስት መልእክት ሲደርሳቸው የቀሩት 390 ሰዎች ምንም አይደርሳቸውም። በማግስቱ ማኅበሩ በር ላይ የሚሰማው ጭቅጭቅ ከዚህ የመጣ ነው፤ ጥፋቱም የኔትወርኩ አይደለም።

ይህን ችግር በአገር ደረጃ የፈታ ሥርዓት የብዙ አንባቢ ኪስ ውስጥ አለ፤ ፋይዳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ይህ ዲጂታል መታወቂያ ሰውን ጣቢያው ላይ አያሳድርም። ተመዝጋቢው የአሥር ጣቶቹን አሻራ ይሰጣል፣ የዐይኑ ብሌንና ፊቱ ይነሳል፣ የምዝገባ ቁጥር የሰፈረበት ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ በስልክ መልእክት። ምክንያቱም የአንድን ሰው አሻራ ቀድመው ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር አስተያይቶ «ይህ ሰው ሁለቴ አልተመዘገበም» ለማለት ጊዜ ይፈልጋል።

ፋይዳ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ሲሆን፣ ሞሲፕ የተወለደው ሕንድ ባንጋሎር ካለው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። የምዝገባው ኮምፒውተር መረጃውን ቆልፎ አንድ ጥቅል ያደርገዋል፤ መስመር ባይኖር እንኳ ጥቅሉን አቆይቶ በኋላ ይልከዋል። ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ጥቅሉ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይተላለፋል፦ ትክክለኛነቱ፣ ጥራቱ፣ ድግግሞሹ ይጣራል፣ ቁጥር ይወጣለታል፣ ማሳወቂያ ይላካል። በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ወረቀቱ ላይ ያለው ረጅም የምዝገባ ቁጥር ነው። በሞሲፕ አሠራር 29 አኃዝ አለው፦ መጀመሪያ አምስቱ የጣቢያው፣ ቀጣዮቹ አምስቱ የኮምፒውተሩ፣ አምስቱ የተራ ቁጥር፣ የመጨረሻዎቹ 14ቱ ደግሞ ቀኑና ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ። ማዕከላዊውን ሰርቨር ሳይጠይቅ እዚያው ጣቢያው ላይ የሚወጣ፣ ከሌላ ጋር የማይጋጭ ቁጥር ነው። ወፍጮ ቤቱ ጆንያ ላይ ያለው ጨርቅም ሥራው ይኸው ነው። ወደ ራስዎ ፕሮግራም ሲመለሱ እንዲህ ያለ ቁጥር በብርቱ ያስፈልግዎታል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የመጀመሪያው እርምጃ ኮድ መጻፍ አይደለም፤ ምን ከጀርባ እንደሚሄድ መለየት ነው። ሎግዎን ይክፈቱና የትኛው ጥያቄ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይዩ። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ የሚወስድ፣ ወይም በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ሁሉ ለወረፋ እጩ ነው፦ አጭር መልእክት፣ ኢሜይል፣ ፒዲኤፍ፣ ትልቅ የኤክሴል ፋይል ማስገባት፣ ፎቶ ማሳነስ። በአንጻሩ ሰውየው መልሱን ሳያይ ቀጣዩን ነገር ማድረግ የማይችልበት ሥራ ፊት ለፊት ይቆይ። የይለፍ ቃል ማረጋገጥን ወደ ወረፋ መላክ ትርጉም የለውም። የኪሎ ምዝገባውም እንዲሁ ነው፤ ገበሬው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ «ገባ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱም እዚያው ሊሰጠው ይገባል።

ቀጥሎ ኤፒአዩን ለሁለት ይክፈሉት፤ አንዱ በር ጆንያ ይቀበላል፣ ሌላው «ደረሰ ወይ?» ለሚል ይመልሳል። ለዚህም ዳታቤዝዎ ውስጥ «ሥራዎች» የሚባል አንድ ሰንጠረዥ ይፍጠሩ። የሥራው መለያ፣ ያዘዘው ሰው፣ የሥራው ዓይነት፣ ሁኔታው (ወረፋ ላይ፣ እየተሠራ፣ አልቋል፣ አልተሳካም)፣ ከስንት ስንቱ እንደተሠራ፣ የገባበትና ያለቀበት ሰዓት፣ ስሕተት ካለም የስሕተቱ ቃል ይኑረው። ተቀባዩ በር ትእዛዙን አይቶ ትክክል ከሆነ አንድ መስመር ይመዘግባል፣ ሥራውን ወረፋ ላይ ያኖራል፣ ወዲያው ይመልሳል። የሚመልሰው የኤችቲቲፒ ቁጥር 202 ነው፤ ትርጉሙም «ተቀብያለሁ፣ ግን ገና አልሠራሁትም» ማለት ነው። 200 ብሎ መመለስ ያልተፈጨውን «ተፈጭቷል» እንደማለት ስለሚሆን አያድርጉት። ከ202ው ጋር የሥራውን መለያና ሁኔታው የሚጠየቅበትን አድራሻ ይስጡ። መለያው በግምት የማይደረስበት ይሁን፤ ሁለተኛው በርም ጠያቂው ያዘዘው ሰው መሆኑን ሳያረጋግጥ አይመልስ። የአንዱን ገበሬ ሒሳብ ሌላው ሊያየው አይገባም።

ታዲያ ቁልፉን ደጋግሞ የሚጫነውስ? የፋይዳው የምዝገባ ቁጥር ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ስልኩ ራሱ፣ ቁልፉ መጀመሪያ ሲነካ፣ አንድ የማይደገም ቁጥር አውጥቶ ከትእዛዙ ጋር ይላክ። ሰንጠረዡ ላይ ያንን ዓምድ «ድግግሞሽ አይፈቀድም» ብለው ይቆልፉት። የዓባይ በረሃን በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ መስመሩ ተቆርጦ ስልኩ ትእዛዙን አምስት ጊዜ ቢልክም ሰርቨሩ ሁለተኛውን ሲያይ አዲስ ሥራ አይከፍትም፤ የመጀመሪያውን መለያ መልሶ ይሰጣል። አንድ ጆንያ፣ አንድ ጨርቅ።

አሁን የወረፋው ምርጫ ይመጣል። እዚህ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት ነገር ስላለ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በፓይተን «ኤሲንክ» እና «አዌይት» የሚባሉት ቃላት ሥራን ከጀርባ አያስኬዱም። አንድ ፕሮሰስ የሌላ ሰርቨር መልስ ሲጠብቅ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ፣ በዚያች ፋታ ሌላውን እንዲያስተናግድ ያደርጉታል እንጂ ባለጉዳዩ ከመጠበቅ አይድንም። ፒዲኤፍ መሥራትን የመሰለ የኮምፒውተሩን ጉልበት የሚበላ ሥራ በኤሲንክ ውስጥ ከተጻፈማ ፕሮሰሱን ጠቅልሎ ይይዘዋል፤ የሌሎቹም ጥያቄ ሁሉ ይቆማል።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ፋስት ኤፒአይ በተባለው የፓይተን ኤፒአይ መሥሪያ ውስጥ ያለው «ባክግራውንድ ታስክስ» ነው። ምላሹ ከሄደ በኋላ ሥራውን እዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ያስኬዳል። ለአንዲት ኢሜይል ይበቃል። ለ400 ገበሬዎች መግለጫ ግን አይሆንም፤ ወረፋው ያለው በፕሮሰሱ ሜሞሪ ውስጥ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ወይም አዲስ ኮድ ሲጫን ሥራው ያለ ምንም ዱካ ይጠፋል። ጨርቅ ያልታሰረበት ጆንያ ማለት ነው።

ለትንሽ ማኅበር፣ ቀድሞውኑ ፖስትግሬስ ካለዎት፣ ሌላ ነገር ሳይጭኑ ያንኑ «ሥራዎች» ሰንጠረዥ ወረፋ ማድረግ ይችላሉ። ፖስትግሬስ ከ9.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጀመሪያ ወዲህ፣ «ስኪፕ ሎክድ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ አንዱ ወርከር (ሥራውን ከወረፋው አንስቶ ከጀርባ የሚሠራው ፕሮግራም) የያዘውን መስመር ሌላው ዘሎ ቀጣዩን እንዲያነሳ ያደርጋል። ሁለት ፈጪዎች አንድ ጆንያ ላይ አይጣሉም። ይህ መንገድ ብዙም የማይወራለት ቢሆንም፣ ጥቂት ሰርቨርና ጥቂት ባለሙያ ላለበት ቦታ መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው እሱ ነው፤ የሚጠበቀውም ሆነ ባክአፕ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል።

ሥራው ሲበዛ የፓይተን ሰዎች የሚሄዱት ወደ ሴለሪ ነው፤ ወረፋውን ሬዲስ ወይም ራቢት ኤምኪው ይይዝለታል። ሬዲስን ከመረጡ አንድ ነገር ያስተካክሉ። ሬዲስ መረጃውን በሜሞሪ ይይዝና ወደ ዲስክ የሚገለብጠው በየጊዜው ነው፤ መብራት ድንገት ከጠፋ ከመጨረሻው ግልባጭ በኋላ የገባው ሁሉ ይሄዳል። «አፔንድ ኦንሊ» የተባለውን ምርጫ ቢያበሩት በየሰከንዱ ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ የሚጠፋው ቢበዛ የአንድ ሁለት ሰከንድ ትእዛዝ ይሆናል። ለዚያም መድኃኒቱ ሰንጠረዡ ነው፤ «ወረፋ ላይ» እያለ ብዙ የቆየን ሥራ ፈልጎ መልሶ ወረፋ ውስጥ የሚከት ትንሽ ፕሮግራም በየአምስት ደቂቃው ይሂድ።

የሚከተለው እርምጃ ትንሽ ይመስላል፤ ሲዘነጋ ግን ስሕተቱን ለማግኘት ቀን ሙሉ ያለፋል። ወረፋው ላይ የሚቀመጠው የሥራው መለያ ብቻ ይሁን፤ የገበሬው ስም፣ ኪሎና ዋጋ አይጫንበት። ወርከሩ ተራው ሲደርስ ትኩሱን መረጃ ከዳታቤዝ ያንብብ። ደግሞም መለያው ወረፋ ላይ የሚወጣው የዳታቤዙ ትራንዛክሽን ከተዘጋ በኋላ ነው። ቀድሞ ከወጣ ፈጣኑ ወርከር ሥራውን ያነሳና ገና ያልተጻፈ መስመር ይፈልጋል፤ አያገኝም፤ «የለም» ብሎ ይወድቃል። ይህ ስሕተት ላፕቶፕ ላይ አይታይም፤ ሰው ሲበዛ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። የሚሠሩት ጃንጎ በተባለው የፓይተን መሥሪያ ከሆነ፣ ለዚህ «ኦን ኮሚት» የሚባል መያዣ ስላለው በእሱ ይጠቀሙ።

ወርከሩን ሲጽፉ የ400ውን ሰው ሥራ በአንድ ትልቅ ሥራ አያሽጉት። 400 ትናንሽ ሥራዎች ያድርጓቸው፤ እያንዳንዱም አንድ ገበሬ። አንዱ ሲወድቅ 399ኙ አይወድቁም፣ «ከ400ው 73ቱ ተሠርቷል» ብሎ ማሳየትም ይቻላል። እያንዳንዷ ትንሽ ሥራ ሁለት ጊዜ ብትሄድ ጉዳት እንዳይኖር አድርገው ይጻፏት፤ መቼም አንድ ቀን ሁለት ጊዜ መሄዷ አይቀርም። መልእክቱን ከመላክዎ በፊት «ለዚህ ሰው፣ ለዚህ ወቅት ተልኳል ወይ?» ብለው ይፈትሹ፤ ከላኩ በኋላ ወዲያው ይመዝግቡ። በመላኩና በመመዝገቡ መካከል መብራት ከጠፋ አንድ ሰው ሁለት መልእክት ሊደርሰው ይችላል። ይህችን ክፍተት ሙሉ በሙሉ መድፈን የሚቻለው መልእክት አስተላላፊው ድርጅት የእርስዎን መለያ ተቀብሎ ድግግሞሹን ራሱ የሚያጣራ ከሆነ ነው።

ሴለሪ ሳይነገረው የሚያደርጋቸው ሦስት ነገሮች ረጃጅም ሥራ ላይ ይጎዳሉ። ወርከሩ ሥራውን ገና ሲጀምር «ተረክቤያለሁ» ብሎ ከወረፋው ያስፍቀዋል፤ በመሃል ቢሞት ሥራው አብሮት ይሞታል። «አክስ ሌት» የተባለውን ሲያበሩ ግን የሚያስፍቀው ከጨረሰ በኋላ ይሆናል። አንድ ወርከር በእያንዳንዱ ፕሮሰሱ ልክ አራት አራት ሥራ አስቀድሞ መሰብሰቡም አለ፤ አንዱ ወፍጮ ጆንያዎቹን ከልሎ ይዞ ጎረቤቱ ሥራ ይፈታል። ይህን ቁጥር ወደ 1 ይቀንሱት። ሬዲስ ላይ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልተፋቀ ሥራ ባለቤቱ እንደሞተ ተቆጥሮ ለሌላ ወርከር ይሰጣል፤ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ሥራ ካለ ጊዜውን ያስረዝሙ፣ ወይም እንደተባለው ሥራውን ይቆራርጡ።

ያልተሳካ ሥራ ይደገም፤ ግን በትዕግሥት። የመልእክት መስመሩ ሲቋረጥ 400 ሥራዎች በየሰከንዱ ቢያንኳኩ የተነሳውን መስመር መልሰው ይጥሉታል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያ ከሁለት፣ ከአራት፣ ከስምንት ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዳይነሱ ጥቂት ሰከንድ በዘፈቀደ ይጨምሩበት። ስልክ ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ ግን መደጋገሙ ከንቱ ነው፤ «አልተሳካም» ተብሎ ከነምክንያቱ ይጻፍና የማኅበሩ ጸሐፊ የሚያየው ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ወርከሩ በእንግሊዝኛ የጻፈውን የስሕተት ቃል እንዳለ ማሳየት አይበቃም። «የስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ጎድሎታል» የሚል አማርኛ ጸሐፊውን በደቂቃ ውስጥ ወደ መፍትሔው ይወስደዋል።

ስለ አማርኛ ከተነሳ ዘንድ ሁለት የሚያጋጥሙ ነገሮች አሉ። ወርከሩ የሚኖርበት ሰርቨር ብዙ ጊዜ እንደ ላፕቶፕዎ የግዕዝ ፎንት አይኖረውም። ፒዲኤፉ ያለ አንዳች ስሕተት ይወጣል፤ ሲከፈት ግን በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ከፕሮግራሙ ጋር አብረው ይጫኑ። ሌላው የአጭር መልእክት ልክ ነው፤ በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንድ መልእክት በፊደላችን 70 ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ እየተቆራረጠ በ67 በ67 ይሄዳል፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ይባዛል። ለ400 ሰው የሚላክ ቃል በ70 ፊደል ውስጥ መግባቱን ቆጥረው ይጻፉት።

ስልኩ የሥራውን ሁኔታ ሲጠይቅም ልክ ይኑረው። በየሰከንዱ ከማንኳኳት ይልቅ በሁለት፣ በአምስት፣ ከዚያም በየ15 ሰከንዱ ይጠይቅ፤ ሰርቨሩም «ከዚህን ያህል ሰከንድ በኋላ ተመለስ» የሚለውን የምላሽ ራስጌ ይላክለት። ሠራተኛው ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ሌላ ጉዳይ ቢሄድ፣ ሲያልቅ ማሳወቂያ ይድረሰው።

ክፍያ የሚቀበሉ ከሆነ ይኸው አሠራር በተገላቢጦሽ ይመጣብዎታል። በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ሆነ ቻፓ፣ ክፍያው ሲፈጸም ሰርቨራቸው የእርስዎን ሰርቨር ይጠራል፤ እዚህ ላይ በር ላይ የቆመው እንግዳ የእነርሱ ፕሮግራም ነው። ጥሪው በእርግጥ ከእነርሱ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጡ፣ የመጣውን እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጡ፣ 200 ብለው ይሸኙት። ደረሰኝ ማዘጋጀቱ፣ መልእክት መላኩ፣ ክፍያውን መልሶ ጠይቆ ማጣራቱ የወርከሩ ሥራ ነው። አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ቢነገርዎ ለክፍያው የሰጡት የማይደገም መለያ ሁለተኛውን ያስቀረዋል።

በተወሰነ ሰዓት የሚነሱ ሥራዎችም አሉ። ሴለሪ ካልተነገረው የሚያውቀው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ትቀድመዋለች። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይሂድ» ያለዎት የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሚፈልገው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2:00 ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ በዋዜማው 23:00። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ብለው ይሙሉት። «ወር በገባ በ1» የሚል ትእዛዝ ግን የትኛውም የሰዓት ክልል አይፈታውም፤ የተለመደው ክሮን 13 ወር መኖሩን፣ ጳጉሜም 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን አያውቅም። ሥራውን በየዕለቱ ያስነሱትና ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወሩ 1 ቀን መሆኑን ኮዱ ራሱ ይመርምር፤ ካልሆነ ተመልሶ ይተኛ።

ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ሁለት ቁጥሮች ሁልጊዜ ዐይንዎ ሥር ይሁኑ፦ ወረፋው ላይ ስንት ሥራ አለ፣ ከሁሉ ቀድሞ የገባውስ ስንት ደቂቃ ጠበቀ። ሁለተኛው ይበልጣል። 300 ሥራ ኖሮ ሁሉም በደቂቃ ውስጥ ካለቀ ምንም አይደለም፤ 3 ሥራ ብቻ ኖሮ ከጠዋት ጀምሮ ካልተነቃነቀ ግን ወርከሩ ሞቷል፣ ተቀባዩ በር ደግሞ አሁንም 202 እያለ ጆንያ እየተቀበለ ነው።

ለሰው ከመልቀቅዎ በፊት ፈተናውን በእጅዎ ያድርጉት። 400 የሙከራ ገበሬዎችን ያስገቡ፤ መልእክቱ ሁሉ ወደ ራስዎ የሙከራ ሳጥን ይሂድ። ቁልፉን ይጫኑ፤ ቆጣሪው 73 ላይ ሲደርስ የሰርቨሩን መብራት ከሶኬቱ ይንቀሉ። «አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ አይጠቀሙ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ። ሻይዎን ጠጥተው ሲመለሱ ይሰኩትና ምንም ሳይነኩ ይመልከቱ። ቆጣሪው ከ73 አካባቢ ተነስቶ 400 ከደረሰ ሳጥኑን ከፍተው መልእክቶቹን ይቁጠሩ። 400 ካገኙ ይልቀቁት። 401 ካገኙ በየትኛው ገበሬ ላይ እንደተደገመ ይፈልጉ፤ መብራቱ በተነቀለባት ቅጽበት በመላክና በመመዝገብ መካከል የነበረው ሰው ነው። 399 ከሆነ ግን አንድ ጆንያ የሆነ ቦታ ላይ ያለ ጨርቅ ተቀምጧል፤ ወደ ወርከሩ ተመልሰው ሥራው ከወረፋው የሚፋቀውና «ተልኳል» ተብሎ የሚመዘገበው መቼ እንደሆነ ያንብቡ።